ሴት ያረደችው አጋዘን

እኔ አደን የጀመርኩት በጎመን ምክንያት ነው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ዳር ሬይኖልድስበርግ ቤት የገዛን ዓመት ጓሮዬ ውስጥ ጎመን ተከልኩ። ዘሩን ከአገር ቤት አስመጥቼ፣ ከሥራ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሄጄ የማየው ጎመን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ብነሳ ግንዱ ብቻ ቆሟል። አጋዘኖቹ ሙልጭ አድርገው በልተውታል፤ አንዷ ጭራሽ አጥሩ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች! ብጮህባት ጆሮዋን ነቅነቅ አድርጋ ዝም አለችኝ። ጎረቤቴ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ሃው ኪዩት!»፣ እንዴት ታምራለች፣ አትልም? ኪዩት! የኔን ጎመን በልታ!

በማግስቱ ሥራ ቦታ ለአንዲት ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ለምትነዳ ባልደረባዬ እየተንገበገብኩ ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀችና «እነሱ ጎመንሽን ከበሉ አንቺ ደግሞ እነሱን ብዪያቸው» አለችኝ። የገበሬ ልጅ ናት። ከኛ ቤት ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ ከአባቷ የወረሰችው እርሻና ጫካ አላት። የአደን ኮርሱን እንድወስድ የገፋፋችኝ እሷ ናት፤ ክሮስቦው፣ ማለትም እንደ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ደግፈው የሚተኩሱትን ቀስት፣ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ጫካዋን ስትፈቅድልኝ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ «ያቆሰልሽውን ጥለሽ ወደ ቤትሽ አትሄጂም። ጥለሽ ከሄድሽ ተመልሰሽ እዚህ እንዳትመጪ።» እሺ አልኳት፤ እሺ ያልኩትም ከልቤ ነው።

ሰው ይስቅብኛል። ሐበሻ ሴት፣ ለዚያውም ሃምሳን የተጠጋች፣ ክሮስቦው አንግታ ጫካ ለጫካ! ሞርስ ሮድ ያለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ «እትዬ፣ ዛሬስ ምን ጣልሽ?» እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ፣ ምን ቸገረኝ። ባለቤቴ ረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስቴት ነው፤ ስልክ ሲደውል «አንቺ ብቻ በሰላም ግቢ» ይለኛል እንጂ አንድም ቀን ተይ ብሎኝ አያውቅም። ያቃጠለኝ የሌላ ሰው ነገር ነው። የገዛ ወንድሜ።

ታላቄ ነው፣ ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ይኖራል። የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ አባል ነው፤ ስለ ሥርዓት ከተነሳ አፍ የሚያስከፍት አይደለም። አምና የገና ጾም ሊገባ ሲል ቤተሰቡን ሁሉ ለቅበላ ቤቴ ጠራሁ። የመጀመሪያ አጋዘኔን ጥዬ ነበር፤ አንዲት ሴቴ። ቆዳዋን ጋራዥ ውስጥ ገፍፌ፣ ስጋዋን ዘልዝዬ፣ በጥብስ ቅጠልና በቃሪያ አድርጌ፣ እንዴት ያለች ጥብስ ወጣች መሰላችሁ! ቤቱ በመዓዛዋ ታወደ። ወንድሜ እጁን ታጠበ፣ ጸለየ፣ እንጀራውን ቆረሰ፣ ጥብሱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል እጁ አየር ላይ ቆመ።

«ለመሆኑ ማን አረደው?» አለ።

«እኔ።»

«አይ ማለቴ፣ አብሮሽ የነበረው ወንድ ማን ነው?»

«ማንም የለም ወንድም ጋሼ። እኔና እግዚአብሔር ነን።»

እጁን መለሰው። እሱ ሲመልስ ሰው ሁሉ የተጠራራ ይመስል እጁን ሰበሰበ። ያቺ ሁሉ ጥብስ ገበታው መሀል እየተነነች ቀረች። እኔ እንደ ቆምኩ ነኝ፤ ማማሰያው እጄ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ «ስጋው ንጹሕ ነው እኮ» አለኝ። «ያመሰኳል፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ እሱ ምንም እንከን አይወጣለትም። ችግሩ እጅሽ ነው።»

እጄ! ይኼ እጅ እኮ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ማንኪያ ማንሳት ሲያቅተው ሾርባ ያጎረሰው እጅ ነው። ያኔ ንጹሕ ነበረ ማለት ነው!

ልማዱን አላውቀውም ብዬ አልዋሽም። ሴት አታርድም። አገር ቤት ለዓመት በዓል ባሏ የሌለ ሴት ዶሮዋን አንጠልጥላ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን «እባክህ ባርክልኝ» ትላለች። ማንም ይሁን፣ ጠጥቶ የሚንገዳገድም ይሁን፣ ወንድ ከሆነ ይበቃል። ያሳደገቻት፣ የመገበቻት፣ አንቆ እንዳይይዛት ጥሬ የፈጨችላት ሴትዮ ግን ቢላውን መንካት የለባትም። ቄሱን እንኳ ጠይቄያለሁ። «ልማድ ነው ልጄ» አሉኝ፤ ሌላ የጨመሩት ነገር የለም። ልማድ ከሆነ ልማድነቱን ነግሮ መተው አንድ ነገር ነው፤ በሰው ፊት እጅሽ ነው ችግሩ ማለት ግን ሌላ ነው።

ያን ማታ እንግዳው ሲበተን ወንድሜ በር ላይ ቆሞ «በሚቀጥለው ጥሪኝ» አለኝ። «አብሬሽ ሄጄ በእጄ እባርከዋለሁ፤ ያኔ ሁላችንም እንበላለን።» ንዴቴን ዋጥኩት። እሺ አልኩ። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፦ እኔ አድኜ ያመጣሁት ስጋ በኔው ገበታ ላይ ሰው ሲበላው ማየት። ለሱ ስል እንኳን ወንድሜን፣ ሰፈሩን ሙሉ ጫካ ይዤ እገባ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ የምጠብቀው ተራ አጋዘን አልነበረም። ግራ ጆሮው የተቀደደ፣ ቀንዱ እንደ ደረቀ ግራር የተንሰራፋ፣ አንገቱ ከኔ ወገብ የሚወፍር ሽማግሌ ኮርማ አለ። ለሦስት መከር ነው የተከታተልኩት። የት እንደሚተኛ፣ በየትኛው ነፋስ እንደሚንቀሳቀስ፣ በየትኛው አጥር እንደሚዘል አጥንቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ እንደ ሌባ በጨለማ ብቻ ነው የሚወጣው። ኅዳር ሲገባ ግን፣ የስሪያ ወቅት ነውና፣ ያ ሁሉ ብልጠቱ ውሃ ይበላዋል። ዛፍ በቀንዱ እየላጠ፣ መሬቱን በሰኮናው እየጫረ ሽንቱን እየሸናበት «ይኼ አገር የኔ ነው» ይላል። ሴቴ የሸተተችው ቀን በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ያቋርጣል፤ ምግብም ትዝ አይለው። እኔ እነዚያን የተላጡ ዛፎች እየዳበስኩ፣ የቅርፊቱ ቁስል እርጥብ መሆን አለመሆኑን በጣቴ እየነካሁ ነው የተከተልኩት። ጠረኑን ሳይቀር ለይቼዋለሁ።

ቅበላው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ወንድሜን ከቤቱ ወሰድኩት። ሲገባ መኪናው ሽቶ በሽቶ ሆነ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሠርግ ነው እንዴ የምንሄደው?»

«ትንሽ ናት የረጨሁት» አለ። አጋዘን ሽታ ከሩቅ እንደሚይዝ ሳምንቱን ሙሉ ስነግረው ነበር እኮ! ጃኬቱን አስወልቄ የኔን ትርፍ ካፖርት አለበስኩት፤ እጅጌው ክርኑ ጋ ቀረ። እንደ ሌላው ጊዜዬ ዛፍ ላይ ወጥቶ አድፍጦ መጠበቅ ስለማይችል መሬት ላይ በምትተከለው ትንሽ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሹክ ብዬ የማይደረገውን ነገር ሁሉ ነገርኩት፤ ስልኩን አጥፋ፣ አትሳል፣ አትነሳ። እሱ ቢላውን ከሰገባው እያወጣ እየመለሰ ይሞክራል። ስልኩም ጠራ። በመዝሙር! በሚያውቀኝ ጫካ ውስጥ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያም ሆኖ መጣ። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴቴ ከቁጥቋጦው ወጥታ በፊታችን ሮጠች፤ ከኋላዋ እሱ፣ አንገቱን መሬት ለመሬት ዘርግቶ፣ እንደ ከበሮ ወፍራም ድምፅ እያጉረመረመ። የተቀደደች ጆሮውን አየኋት። ወንድሜ እንኳ ቢላውን መነካካቱን ተወ። ክሮስቦውን ደገፍኩ፣ ጠበቅኩ፣ ቆም ሲልልኝ ለቀቅኩት። ፍላጻው ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁት፤ ከምፈልገው ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ኮርማው ዘለለ፣ ጥቂት ሮጠ፣ ዝግ አለ፤ ከወደቁ ግንዶች ጀርባ ጉልበቱን አጥፎ ሲተኛ በዓይኔ አየሁት።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። የተመታ አጋዘን ከተኛ አይነካም። ባልደረባዬ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ይኼንን ነው፤ ተቀመጪ፣ ቡናሽን ጠጪ፣ ሳይነሳ በተኛበት ያልቅለታል። ከነኩት ግን በፍርሃት ብቻ አገር ያቋርጣል። የወንድሜን እጅጌ ጨብጬ «ንቅንቅ እንዳትል» አልኩት።

«ምን ትያለሽ? እየሞተ እኮ ነው!»

«ይሙት! ቁጭ በል!»

«ነፍሱ ከወጣ በኋላ በክት ነው! ታዲያ ለምን አመጣሽኝ?»

እጅጌውን ከጄ ላይ መነጨቀና ቢላውን መዝዞ፣ «በስመ አብ!» እያለ ሮጠ። ያ ሰውዬ ለአውቶብስ እንኳ ሮጦ አያውቅም። ግንዱ ጋ ሳይደርስ ኮርማው ብድግ አለ፤ አንዴ ዞር ብሎ አየውና ቁልቁል ወደ ወንዙ ወገን ጠፋ። ወንድሜ እያለከለከ ተመልሶ ያለኝን ልንገራችሁ? «ባለጌ አውሬ ነው!» አለኝ። ባለጌው እሱ ነው ወይስ አውሬው?

አልጮህኩም። ብጮህ ኖሮ አላቆምም ነበር። ሄጄ የተኛበትን አየሁ፤ ደሙ ጥቁር ነው። ጥቁር ደም ጉበቱ ተመታ ማለት ነው፤ መሞቱን ይሞታል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። አሁንማ ሲሆን ሲሆን ግማሽ ቀን መጠበቅ ነበረብን። ፀሐይዋ ከላያችን እስክታልፍ ድረስ በግድ አስቀመጥኩት። ራበኝ አለ፣ በረደኝ አለ፣ ቤት ውስጥ ሥራ አለኝ አለ። ከዚያ ዱካውን ያዝን።

ደም መከተል ጽሞና ይፈልጋል። አንድ ቅጠል ላይ ጠብታ ታያለህ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ደም ባየሁበት ሁሉ ቁራጭ ሶፍት ቁጥቋጦ ላይ አንጠለጥላለሁ፤ ዞር ብዬ ሶፍቶቹን ሳይ የሄደበት መስመር ይታየኛል። በጉልበቴ እየዳህኩ ቅጠል እገለብጣለሁ። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ስለ ጫማው ያማርራል። በመጨረሻ «በቃ ተዪው» አለ። «አንድ አጋዘን ነው፤ ዓለሙ በአጋዘን ተሞልቷል። ሌላ ትመቺያለሽ።»

«ለባለጫካዋ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለፈረንጅ ነው ይኼ ሁሉ?»

ዞሬ አየሁት። እዚያ ጫካ ውስጥ የሚያቃስተው ፍጡር ፈረንጅ ነው ሐበሻ? «መኪና ውስጥ ሄደህ ተቀመጥ» አልኩት። «ስደውል ና፤ ስልክህን ግን እንዳታጠፋ።» ደስ ብሎት ሄደ፤ ጀርባውን እያየሁ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ብቻዬን ስሆን ፈጠነልኝ። ወንዙ ዳር፣ ውሃው በቦረቦረው አፈር ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። ጥማት ነው ወደ ውሃ የሚያመጣቸው። ራሱ ገና ቀና ብሏል፤ እግሩ ግን አልታዘዝ ብሎታል። አየኝ። ለመነሳት ሞከረ፣ ወደቀ፣ ትንፋሹ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይጮሃል። ወደ ኋላዬ ፈቀቅ ብዬ ለወንድሜ ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አያነሳም። ሂተሩን ከፍቶ እንቅልፉን እየለጠጠ እንደሆነ አላጣሁትም።

ቆምኩ። ምን ላድርግ? ሮጬ መኪናው ጋ ብሄድ፣ ብቀሰቅሰው፣ እየጎተትኩ ባመጣው ወንድሜ ያርዳል፣ ቤተሰቡም ይበላል። ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ገበታ ይሞላል። ኮርማው ግን እስከዚያ ድረስ ያንን ትንፋሽ እየጎተተ ይጠብቀናል፤ የሰው ልማድ እስኪሟላለት። እልኼ ዓይኔን በእንባ ሞላው። እኔ ይኼን ፍጡር ሦስት ዓመት ሳከብረው ኖሬ፣ በመጨረሻዋ ሰዓቱ ለአንድ የተኛ ሰው ብዬ ላሰቃየው? አላደርገውም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

አማተብኩ። ሁለተኛውን ፍላጻ ከቅርብ በደንብ አድርጌ ለቀቅኩት። ራሱ ሲዘነብል፣ ነፍሱ ሳይወጣ፣ ቀንዱን በግራ እጄ ይዤ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ በራሴ ቢላ ባረክሁት።  ደሙ ሲያልቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የተቀደደች ጆሮውን ዳበስኳት።

ወንድሜ ያመለጠውን ጥሪ አይቶ ሶፍቶቹን እየተከተለ ሲመጣ እጄ እስከ ክርኔ ደም ነበር። አየ፤ ገባው።

«ምነው ትንሽ ብትታገሺኝ?»

«አንተ እንቅልፍህን እስክትጨርስ?»

 ኮርማውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ትልቅነቱ ሳይገርመው አልቀረም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጫካው ይሰማዋል ይመስል፣ «ማንም አላየም እኮ» አለኝ። «እኔ አረድኩት ብንልስ? ለምን ነገር ይበላሻል? አንቺም ደስ ይልሻል፣ እኔም ተኝቶ ነበር አልባልም።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የኔ እጅ ስጋውን ያረክሰዋል፤ የሱ ውሸት ግን አያረክሰውም! ያ ሁሉ ሥርዓት፣ ያ ሁሉ «ያመሰኳል አያመሰኳም» እዚህ ድረስ ነው። «እግሩን ያዝ» አልኩት ብቻ። እግሩን ያዘና እስከ መኪናው ድረስ ጎተትን።

በሳምንቱ እሁድ፣ ለቅበላው፣ ቤቴ ሰው ሞላ። ጥብሱን፣ ቅቅሉን፣ ሁሉንም አቀረብኩ። ወንድሜ ዳር ይዞ ተቀምጧል። የአጎቴ ልጅ እጁን እየታጠበ «ዘንድሮማ ወንድም ጋሼ ነው የባረከው፣ ተገላገልን!» አለ። ሁሉም ወደ ወንድሜ ዞረ። ወንድሜ ወደኔ አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዲት «አዎ» ብቻ ይበቃ ነበር፤ እኔም ዝም ብል ገበታው ይበላ ነበር። ያቺን ዝምታ ግን እምቢ አልኳት።

«እኔ ነኝ ያረድኩት» አልኩ። «እሱ መኪና ውስጥ ተኝቶ ነበር።»

እጆች ተሰበሰቡ። ልክ እንደ አምናው። እኔ ግን እንደ አምናው ማማሰያ ይዤ አልቆምኩም። «እስቲ ጠይቁኝ» አልኩ፤ ድምፄ ቤቱን ነቀነቀው። «ወንድም ጋሼ፣ ባለፈው ኳስ ስታይ በባልዲ ያዘዝከውን የዶሮ ክንፍ ማን አረደው? ስሙን ንገረኝ! አማትቦ ነበር?»

«እሱ ሌላ ነው» አለ ወንድሜ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ፋብሪካ ነው፣ ማሽን ነው የሚያርደው። ማሽን ሴት አይደለም።» ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

«ማሽኑ የሚስታትስ?» አለች ሚስቱ።

የወንድሜ ሚስት በሰው መሀል የምትናገር ሴት አይደለችም። ኮሎምበስ ከመምጣታቸው በፊት፣ ገና አሜሪካ የገቡ ጊዜ፣ ሌላ ስቴት ዶሮ ፋብሪካ ትሠራ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ያኔ ጀርባውን ታሞ ሥራ አልነበረውም። «እሽግ ክፍል ነኝ» ትለን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማንም የጠየቃት የለም።

«ማሽኑ የሚስታት አለች» አለች፣ ዓይኗን ከገበታው ሳታነሳ። «በሕይወቷ እንዳታልፍ መስመሩ ላይ ቢላ ይዞ የሚቆም ሰው አለ። እኔ ነበርኩ የምቆመው። እሽግ ክፍል አልነበርኩም።»

ወንድሜ ወደ እሷ ዞረ።

«ለሠራተኛ የሚሰጡትን ዶሮ ነበር ይዤልህ የምመጣው» አለች። «ፋሲካውንም ገናውንም በሱ ነው ያሳለፍነው። የትኛዋን ማሽኑ እንዳረዳት፣ የትኛዋን እኔ እንዳረድኳት አላውቅም። ቢላዬን ባነሳሁ ቁጥር ግን በልቤ በስመ አብ እል ነበር፤ መስመሩ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ አብ ብቻ ብዬ ያልፍብኛል።»

 ከወንድሜ ሌላ የሚያያት አልነበረም፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

«ብነግርህ ምን ልትበላ ነበር?» አለችው።

 እሷ እጇን ዘረጋች፣ ከጥብሱ በትልቁ ጠቀለለች፣ ወደ አፏ ታደርሰዋለች ስል ወደኔ ዞራ ደቀነችው። ንዴቴ አልበረደልኝም ነበር፣ እስካሁንም አልበረደልኝም፤ አፌን ከፍቼ ጎረስኩ።